ሽታው ለኔ፣ ዳቦው ላንቺ

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ለገሰ ከዳቦ ቤት ያመጣውን ትኩስ ዳቦ ለሁለት ቆረሰና አንዱን ግማሽ አፍንጫው ሥር ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው። እንደ ጠገበ ሰው በረጅሙ ተነፈሰና ሁለቱንም ግማሽ ወደ እኔ ገፋቸው።

“ሽታው ለኔ፣ ዳቦው ላንቺ” አለ።

“ሽታውም ሳያጠግብህ አልቀረም” አልኩት።

“ሽታ ስኳር የለውም። ከፈለግሽ ሐኪሟን ጠይቂያት።”

ቡናውን እንደ ልማዱ ያለ ስኳር ጠጣ። እኔ ስኳሬን ጨምሬ ሳማስል ማንኪያው ሲኒውን መታው። “ቀስ! ምራቄን አታስውጪኝ” ብሎ ሳቀብኝ። ቶናውን እንደጨረሰ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ። ኪሱን ዳበስኩ፤ ከረሜላዎቹ አሉ። ሐኪሟ በየቀኑ በእግሩ እንዲሄድ አዝዛው ስለነበር ከሥራ መልስ ወደ ቁስቋም የሚወስደውን ዳገት ይወጣ ነበር።

“በረካውን ጠብቂኝ፤ ብቻሽን እንዳትጠጪው” አለኝ ከበሩ ላይ።

ጠበቅኩት። ጀበናው እሳት ዳር ሆኖ ቀዘቀዘ። ለገሰ ከዚያ ዳገት በእግሩ አልተመለሰም።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ተነሥቻለሁ። ስለ ሞቱ ለመጻፍ ብዬ አይደለም። ስለ እሱ የሚወራው እሱን አልመስል ስላለኝ ነው።

ባለቤቴን ሰፈሩ የሚያውቀው በዳቦው ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ሲወጣ ባለው መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ ዳቦ ቤት ዋና ጋጋሪ ነበር። የክንዱን ፀጉር እሳት ልሶ ጨርሶት ከክርኑ በታች እንደ ሕፃን ክንድ ለስላሳ ነበር። ቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይጠፋ በመሆኑ የማያውቁት ሰዎች ሽበት ይመስላቸዋል። ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ ገልብጦ ቂጡን በጣቱ አንጓ ያንኳኳና ሰው በር ላይ እንደቆመ እንግዳ ያዳምጣል። ሊጥ አልነሣ ሲለው “ተነሥ አንተ ሰነፍ፣ ሰው በልቶ ሥራ ሊሄድ ነው!” እያለ ይጎተጉተዋል። የተወለደው ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል ነው። ሲያባብል በአማርኛ፣ ሲቆጣ በኦሮምኛ ነበር። ከትዳራችን መጀመሪያ አንሥቶ ኦሮምኛውን ስሰማ ቤት ውስጥ የሚሰበር ነገር ካለ ቀድሜ አነሣ ነበር፤ ምንም ሰብሮ ግን አያውቅም።

በሽታው የታወቀው በእግሩ ጣት ነው። ትንሽ ቁስል ናት፤ ጫማ የላጣት። አልድን አለች። ታላቅ ወንድሙ በዚሁ በስኳር በሽታ መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ እግሩን ተቆርጦ ብዙም ሳይቆይ ስላረፈ፣ ለገሰ ካልሲውን ሲያወልቅ ፊቱን አዙሮ ነበር። ጋጋሪ ቆሞ የሚያድር ሰው ነው። እግር ከሌለው ምንም የለውም። ያንን በአፉ ነግሮኝ አያውቅም፤ ግን ማታ ማታ ጣቱን በባትሪ ሲያያት አየው ነበር።

ሐኪሟ ደሙን አይታ ክኒን ጻፈችለትና ዳቦ፣ እንጀራ፣ ፓስታና ድንች እንዲቀንስ፣ ስኳር እንዲተው ነገረችው። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ቡናስ?”

“ያለ ስኳር ጠጣ።”

ከክሊኒኩ ስንወጣ በነፃ እንደተሰናበተ እስረኛ “ቡናን ተወችልኝ!” እያለ ክንዴን ይጨብጥ ነበር። እኔ ግን ልቤ ያለው ነርሷ መጨረሻ ላይ በነገረችን ላይ ነው። “ይሄ ክኒን ስኳር ያወርዳል፤ ሳይበላ ከዋለ ከመጠን በላይ ሊወርድበት ይችላል። ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው፣ ምላሱ ከተሳሰረ ጣፋጭ ነገር ቶሎ ስጡት” ብላን ነበር። ስደግምለት “እሱ ለደካማ ነው” ብሎ በእጁ አባረረው።

ለገሰ በግማሽ የሚያደርገው ነገር የለም። ሐኪሟ “ቀንስ” አለችው፤ እሱ “ተው” ብሎ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራም ዳቦም አልነካም። የጨውን ልክ ለማወቅ ዳቦውን ያላምጥና ጣሳ ውስጥ ይተፋዋል። የሥራ ጓደኞቹ ሳቁበት። “ሳቁ፤ እኔ በሁለት እግሬ ቆሜ ስትስቁ አያችኋለሁ” አላቸው። ጎመን በቅቤና እንቁላል፣ ሲገኝም ሥጋ ይበላል። የቀረውን የሚሞላው በቡና ነበር።

የእህቱ ልጅ ናሆም ስልክ የሚጠግን ወጣት ነው። አንድ እሑድ መጥቶ ቪዲዮ አሳየው። አንድ ፈረንጅ ቡናው ላይ ቅቤ ጨምሮ ይመታል።

“ጋሼ፣ ዳቦ የማይበሉ ሰዎች የሚጠጡት እንዲህ ነው። በጣም ያጠግባል አሉ። አዲስ ግኝት ነው።”

ለገሰ ስልኩን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አየ።

“ይሄ እኮ የእናቴ ቡና ነው! ባሕር ተሻግሮ ተምሮ ነው የመጣው?” አለ። “ጨው ረስቷል። ንገረው፤ ጨው ይጨምርበት።”

ከዚያ ወዲያ ቡናውን በቅቤና በጨው አደረገው። እኔ ሽታውን እስክለምደው ድረስ በሩን ከፍቼ እቀመጥ ነበር።

ችግሩ ያለው ከቤታችን ውጭ ነው። ግቢያችን ውስጥ ቡና የሚጠጣው በተራ ነው፤ አንድ ቀን እኛ ቤት፣ አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ዙፋን ቤት፣ አንድ ቀን አሮጊቷ ጎረቤታችን እማማ ድንቄ ቤት። ቡና ደግሞ ያለ ቁርስ አይቀርብም። ዳቦ ከጠፋ ቆሎ፣ ቆሎ ከጠፋ ድንች ይቀቀላል። ባዶ ቡና ያቀረበች ሴት ሰው እንደ ሰደበች ትቆጠራለች፤ የቀረበለትን ያልነካ እንግዳም እንዲሁ። እማማ ድንቄ ደግሞ የሚያቀርቡት የለገሰን የራሱን ዳቦ ነው።

“ቁረስ እንጂ ልጄ።”

“ይቅርብኝ እማማ።”

“በሞቴ!”

“እማማ፣ በእርስዎ ሞት ከበላሁ የምሞተው እኔ ነኝ።”

“አፈር ስሆን! አንዲት ቁራሽ! ቤቴን ንቀህ ነው?”

ለገሰን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት። ልጆቻቸው ራቅ ብለው ስለሚኖሩ የሚያጎርሱት ሰው እሱ ብቻ ነበር። እሱም ይህን ስለሚያውቅ እምቢ ባለ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ሁለቴ ተሸንፎ ጎረሰላቸው። ስኳር በሞላበት ሲኒም ቡና አቅርበውለት ላለማስቀየም ጠጣ። በማግስቱ ጣቱ አብጣ አየናት። 

በሚቀጥለው የእማማ ድንቄ ተራ ገና ሳይቀመጥ፣ “ዛሬ ቡና የምጠጣው ከማላችሁልኝ ብቻ ነው” አለ።

“ምን ብለን?” አለች ዙፋን እየሳቀች።

“ስኳር እንዳትሰጡኝ። ዳቦ እንዳትሰጡኝ። ብለምናችሁ፣ ባለቅስ፣ ብንበረከክ እንኳ እንዳትሰጡኝ። እኔ ራሴን አላምነውም። የወንድሜን እግር አይቻለሁ።”

ዙፋን ሳቋን ዋጠችና ማለች። እማማ ድንቄ በቀላሉ የሚምሉ ሰው አይደሉም። መጀመሪያ ጀበናውን ከእሳት አወረዱ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን ስኳር ጣሳው ላይ ጫኑና “በቁስቋም ማርያም፣ ከእጄ ስኳር አትቀምስም” አሉ።

“አንቺስ አስኩ?” አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

“እኔ አልምልም” አልኩት። “ነርሷ ያለችውን ሰምቻለሁ።”

“እንግዲህ ጠላቴ በቤቴ ነው ማለት ነዋ!” ብሎ አሳቃቸው። እኔን ግን አላሳቀኝም። እማማ ድንቄ ጣሳውን አንሥተው ብፌው ጫፍ ላይ፣ የለገሰ እጅ በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ ሰቀሉት።

ቁስሉ ዳነ። ቀበቶው ላይ በሚስማር አዳዲስ ቀዳዳ በሳ። ቡና መሐል ካልሲውን አውልቆ ጣቱን ለዙፋን ሲያሳያት እማማ ድንቄ “በቡና ላይ እግር! ያሳደገህ የለም?” ይሉታል፤ ግን እሳቸውም አጎንብሰው ያዩለት ነበር። “እሰይ፤ መሐላዬ ነው ያዳነህ” ይላሉ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።

“ተመልከቺ እንግዲህ” አለኝ በቅበላ ማግስት፣ ባዶ ሳህኑን እያየ። “ሐኪሟ ከዳቦ ጹም አለችኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ከቅቤ ጹም አለችኝ። የቀረኝ ቡናና ጎመን ነው።” እሱ እየቀለደ ነበር፤ እኔ ግን ያን ቀን ሳህኑን ሳነሣ ጭንቀት ያዘኝ። እንቁላሉ ሄደ፣ ሥጋው ሄደ፣ ቅቤው ሄደ። ሽሮና ምስር እንጀራ ይፈልጋሉ ብሎ እነሱንም ራቃቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም። የነፍስ አባታችን ቤት ድረስ መጥተው “የታመመ ሰው እንዲበላ ተፈቅዶለታል፤ አትታበይ” ብለውት ነበር። “አባቴ፣ ከልጅነቴ የጾምኩትን ለአንዲት ጣት ብዬ አልገድፍም” አላቸው።

ክኒኑን ግን አልተወም። ጠዋት በባዶ ሆዱ በውኃ ይውጣል። ይህንንም ጾሜን አይሽረውም ብሎ የነፍስ አባቱን አስፈቅዷል።

“ክኒኑ የሚያወርደው ነገር ሲያጣ አንተን ያወርድሃል” እለው ነበር።

“በቀጠሮዬ እጠይቃታለሁ።”

“ቀጠሮህ ከፋሲካ በኋላ ነው!”

“ታዲያ ፋሲካ ቀረ እንዴ?”

ከሥራ ሲመጣ ደረጃው ላይ ቆም ማለት ጀመረ። ዳቦ ቤት አንድ ሙሉ ምድጃ አሳረረ፤ በዕድሜው አድርጎት አያውቅም። ያን ማታ እራት ሳላቀርብለት ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና “ነገ ካልሄድክ ሐኪሟን እጇን ይዤ እዚህ ነው የማመጣት” አልኩት።  “እሺ፣ ከነገ ወዲያ የዕረፍት ቀኔ ነው፤ እንሄዳለን” አለ።

በማግስቱ የእማማ ድንቄ ተራ ነበር።

እኔ ጎመን ልገዛ ሽሮ ሜዳ ወርጄ ስመለስ ከግቢው በር ላይ ድምፁን ሰማሁት። በኦሮምኛ ይጮኻል። የያዝኩት ፌስታል ከእጄ ወደቀ። ለገሰ ሰው ቤት በኦሮምኛ ጮኾ አያውቅም።

ስገባ ወለል ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ ውኃ እንደተደፋበት ከጀርባው ተጣብቋል። እጁ ይርገፈገፋል። ዙፋን ሁለት እጁን ግጥም አድርጋ ይዛ ታለቅሳለች።

“ስኳር... ስኳሩን አምጡ...” ይላል፤ ምላሱ እየተጠላለፈ።

“ጋሼ ለጌ፣ እባክህ! አንተው ራስህ እኮ ነህ ያስማልከን!”

እማማ ድንቄ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ጣሳውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ይዘዋል። “እሱ አይደለም የሚለምነው፤ ሰይጣን ነው! ያዢው ዙፋን! ይሄን ቀን አውቆ ነው ያስማለን!”

“ይስጡት እማማ!” አልኩ።

“ምያለሁ!”

“ስኳሩ አልቆበት ነው! በዝቶበት አይደለም!”

“ስኳር ያለበት ሰው ስኳር ያልቅበታል? ምን ትያለሽ አንቺ ልጅ? ልትገድይው ነው?”

 ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። ለገሰ መለመኑን አቆመ። ዝም ሲል ዙፋን “እፎይ፣ ተረጋጋ” አለች። እኔ ግን ዓይኑን አየሁት፤ እያየን አልነበረም። ጣሳውን ያዝኩ፤ እማማ ድንቄም አልለቅ አሉ። ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጡት አላውቅም። የአሮጊት ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ላላቅቅ ስል ጥፍራቸው እጄን ቧጨረኝ።

“በማርያም ምያለሁ አስካለ! እንዳታስክጂኝ!”

“ኃጢአቱ በኔ ይሁን! እማማ፣ ፊቱን ይዩት! ፊቱን ብቻ ይዩት!”

አዩት። ከንፈሩ የዳቦ ዱቄት መስሏል። እማማ ድንቄ “እመቤቴ ይቅር በይኝ” አሉና ክዳኑን ራሳቸው ከፈቱት። ከችኮላ የተነሣ ግማሹ ስኳር ወለሉ ላይ ፈሰሰ። የቀዘቀዘውን የራሱን ቡና አንሥተው ስኳር ሞሉበትና በጣታቸው አማሰሉት። እኔ አንገቱን አቃናሁ፤ እሳቸው በማንኪያ ከንፈሩ ላይ ያንጠባጥባሉ። መጀመሪያ በአገጩ ወረደ። ከዚያ ዋጠ። ደግሞ ዋጠ። ዙፋን ጥግ ላይ ጸሎት ጀምራ ግማሹ ጠፍቶባት መላልሳ ትጀምራለች። ሲኒው አልቆ ሌላ በጠበጥን።

ለገሰ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ተመለሰ። ከንፈሩን ላሰ። ፊቱን አጨማደደ።

“ማነው ቡናዬን ያበላሸው?” አለ።

እማማ ድንቄ በጥፊ መቱት። ከዚያ ጭንቅላቱን አቅፈው አለቀሱ።

ሐኪሟ ስትቆጣው አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ አንድም ቀልድ አልወጣውም። ክኒኑን ቀነሰችለት፤ ጥቂት እንጀራ ሳይበላ እንዳይውል አስጠነቀቀችው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው እኔ የማልረሳው። እማማ ድንቄ መሐላ አፍርሻለሁ ብለው እንቅልፍ አጡ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድረስ እየሄዱ ሳይገቡ ይመለሱ ነበር። ለገሰ ሰማ። እጃቸውን ይዞ የነፍስ አባታችን ዘንድ ወሰዳቸው። አባታችን ለመሐላው ስግደት ሲያዝዙ፣ “ያስማልኳቸው እኔ ነኝ፤ እኔ ልስገድላቸው” አለ። ያ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ሰው፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ የቁስቋም ማርያም ቅጥር ውስጥ ሲወድቅ ሲነሣ እማማ ድንቄ ዛፍ ሥር ተቀምጠው “በቃህ! በቃህ ልጄ!” ይሉ ነበር። እሱ አልበቃውም።

ቀጥሎ ሰፈሩን ዞረ። ሱቁን፣ ዳቦ ቤቱን፣ የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹን ሳይቀር። “ስንቀጠቀጥና ሲያልበኝ ካያችሁ ስኳር ስጡኝ፤ በፊት ያልኩት ተሽሯል” ይላል። “ምን ዓይነት መንግሥት ነው ይሄ፣ በየወሩ አዋጅ የሚለውጥ?” ብለው ይቀልዱበታል። እኔ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከረሜላ ማኖር ጀመርኩ። እማማ ድንቄም በነጠላቸው ጫፍ ከረሜላ ቋጥረው መሄድ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ጉለሌ ውስጥ እንደ ባለቤቴ ስኳር የሚሰጠው የስኳር በሽተኛ አልነበረም።

ያን ቀን፣ በረካውን ጠብቂኝ ባለኝ ቀን፣ የማርያም ዕለት ነበር። እማማ ድንቄ ከቁስቋም አስቀድሰው ሲወርዱ ለገሰን ባሕር ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኙት። አልቦታል። እጁ ደረቱ ላይ ነበር። አልጠየቁትም። የነጠላቸውን ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈትተው ከረሜላውን ልጠው አጎረሱት። አንዱ ሳያልቅ ሌላ አጎረሱት። አያቸውና እጃቸውን ያዘ፤ ከረሜላውን መጠጠ። አላፊዎች ተሯሩጠው ታክሲ አቆሙ። ሆስፒታል ሲደርሱ አልቋል። ልቡ ነው አሉን። ጣፋጩ አልጎዳውም፤ ግን ያን ጊዜ ሊያድነውም አይችልም ነበር።

ለቅሶው ላይ ሰው የራሱን አወራ። “ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ ተከልክሎ! በረሃብ ጨረሱት” የሚል ድምፅ ከድንኳኑ ጥግ ሰማሁ። አንገቴን አላነሣሁም። እማማ ድንቄ ግን ተነሡ፤ ሁለት ሰው ደግፏቸው።

“ማንም አልከለከለውም!” አሉ። “እኔ በእጄ አጉርሼዋለሁ!”

 ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ሰጠሁት እኮ፣ አስካለ። አሁን አልከለከልኩትም። ሰጠሁት።”

“አውቃለሁ እማማ” አልኳቸው።

እስከ ዛሬ ይሉኛል። አንዳንዴ ቡና መሐል ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ አንዳንዴ ስለ ሌላ ነገር እያወራን። እስከ ዛሬም “አውቃለሁ” እላቸዋለሁ።

ዳቦ ቤቱ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ይልክልኛል። የአዲሱ ጋጋሪ ጨው ትንሽ ይበዛል። አሁን ከእማማ ድንቄ ጋር ቡና እጠጣለሁ፤ እሳቸው ቤት ወይም እኔ ቤት፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ዳቦውን ለሁለት እቆርሳለሁ፤ ግማሹን ለእሳቸው እሰጣለሁ። የእሳቸውን የስኳር ጣሳ ከብፌው ላይ አውርጄዋለሁ። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ማንም እጁን ሲዘረጋ በሚደርስበት ቦታ፣ ጠረጴዛው መሐል አስቀምጠዋለሁ።